ከዋሻው የማይወጣው ዓሣ

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ኮሚናል ውስጥ ለአኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ወዳጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።

እንደምን አመሻችሁ። ከበሩ አጠገብ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ማይክ የለንም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከተነሳ ደግሞ ጭራሽ አትሰሙኝም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዓሣ ነው። ስሙ ኮሜት ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች ማሪን ቤታ እያሉ ይሸጡታል። በትንሽ ብርጭቆ ከሚሸጠው ከምናውቀው ቤታ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ኮሜት የጨው ውሃ ዓሣ ነው። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ጀምሮ በፓሲፊክ እስካሉት የቶንጋ ደሴቶች ድረስ በኮራል ሪፍ (ባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ድንጋይ ክምር) ውስጥ ይኖራል። ሲያድግ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መልኩ ጠቆር ያለ ነው፤ ከራሱ እስከ ጭራው ነጫጭ ነጠብጣብ ፈሶበታል። ክንፎቹ ሰፋፊ ናቸው። ዘርግቷቸው ሲያልፍ ነጠላዋን እያስጎተተች የምትሄድ እመቤት ይመስላል።

ችግሩ፣ ሲያልፍ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ቀን ዋሻ ውስጥ ይውላል፤ የሚወጣው ሲመሽ ነው። አዲስ ቤት ሲገባ ደግሞ ለሳምንታት ድራሹ ይጠፋል። ገዢው ይጨነቃል። ስልክ ይደውላል። «ሞቶ ይሆን እንዴ?» ይላል። አንዳንዱ ትዕግሥቱ ያልቅና ድንጋዩን አንድ በአንድ ያነሳል። ዓሣውን ያገኘዋል፣ ደህና ነው። ግን ድንጋዩ በተነሳ ቁጥር ነገሩ ከዜሮ ይጀምራል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ይሄ ዓሣ እንዲታያችሁ ከፈለጋችሁ መደበቂያ አብዙለት። ሰዉ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። «በደንብ እንዲታየኝ» ብሎ ሁለት ድንጋይ ብቻ ያስቀምጣል። መብራቱን ቦግ አድርጎ ያበራል። መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ዓሣው መሸሻ እንደሌለው ሲገባው ካገኛት አንዲት ስንጥቅ ንቅንቅ አይልም። በየሄደበት መግቢያ ያለው ዓሣ ግን ደፈር ይላል። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል። የምታዩትም ሲሻገር ነው።

ለኮሜት መደበቅ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ መሣሪያም ነው። ከጀርባ ክንፉ መጨረሻ፣ ወደ ጭራው ተጠግታ፣ አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ አለች። ዙሪያዋን ነጣ ያለ ቀለበት ከቧታል። ዓይን ትመስላለች። ዓሣው ሲደነግጥ ራሱን ቀዳዳ ውስጥ ይከትና የኋላውን ውጭ ይተወዋል። ክንፎቹን ይነፋል። ያቺ ነጥብ ዓይን ትሆናለች፤ በክንፎቹ መሃል ያለው ክፍተት አፍ ይሆናል። አሳዳጁ ቀና ሲል የሚያየው ከዋሻ ብቅ ያለ ሞሬይ ነው። ሞሬይ እባብ የሚመስል፣ ጥርሰ ስል ዓሣ ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ ልክ እንደ ኮሜት በጥቁር ገላ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ማንም ነፍሱን የሚወድ ዓሣ አይጠጋውም። ጆን ማኮስከር የተባለ አሜሪካዊ የዓሣ ተመራማሪ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1977 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ጽፎታል።

ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ድንጋዩ መሃል ጭራ ብቻ ተተክሎ ካያችሁ ዓሣው ታሟል ማለት አይደለም። ፈርቷችኋል ማለት ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ቆይቶ ከዚያው ቀዳዳ በጭራው ፈንታ ፊቱ ብቅ ማለት ከጀመረ ግን እየለመደ ነው። እኔ መልመዱን የማውቀው በዚህ ነው፤ ከሚበላው ምግብ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ዋሻው እንምጣ። ድንጋዩን አሸዋው ላይ አትደርድሩት። መጀመሪያ ድንጋዩ መስታወቱ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ አሸዋው በዙሪያው ይፈስሳል። አለበለዚያ አሸዋ የሚቆፍር ዓሣ ወይም ሸርጣን አንድ ቀን ክምሩን ይንደዋል። ጥቁር ድንጋይ ከየሜዳው ለቅማችሁ እንዳትሞክሩ። ክብደቱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ደግሞም ድፍን ነው። እኛ የምንፈልገው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የኮራል ድንጋይ ነው፤ ውሃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው።

ድንጋዩ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ የፒቪሲ ቱቦ ግዙ። ማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አለው። ለትንሽ ኮሜት ባለ ሁለት ኢንች ይበቃል፤ ሲያድግ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። በደንብ ታጥቦ፣ ኤልቦ (ማጠፊያ) ተገጥሞለት፣ ከድንጋዩ ጀርባ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ዓይን ያስቀይማል። በጊዜ ብዛት አልጌ (የውሃ አረንጓዴ) ሲሸፍነው ከድንጋዩ አይለይም። እኔ አሁንም የቱጋ እንደሆነ ለእንግዳ ካላሳየሁ ማንም አያገኘውም።

ዋሻው ሁለት በር ይኑረው። በአንዱ በር ባለጌ ዓሣ ከመጣበት በሌላው ይወጣል። ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አያስበውም። አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ውስጥ ውሃው ይቆማል። የቆመ ውሃ ደግሞ እዚህ፣ እኛ ዘንድ፣ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ጠረፏ ሞምባሳ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ የካ አባዶ ላይ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ያውም በደንብ ከተናጠ። አትሌቶቻችን ወደ እንጦጦና ወደ ሱሉልታ የሚወጡት ይሄንን ስስ አየር ፈልገው ነው። ዓሣው ግን ለማራቶን አልመጣም።

ለዚህ ነው በውጭ ሰው ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ሁሉ እንዳለ ብትቀዱት የማይሠራው። አብዛኞቹ ያሉት ከእኛ በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። እኛ የፓምፑን አፍ ወደ ውሃው ፊት ማዞር አለብን፤ ላዩ ሁልጊዜ ይናጥ። የአየር ፓምፕ ጨምሩ። ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ ያዙት። «የሞቃት አገር ዓሣ ነው» ብላችሁ ወደ 28 አትውጡ፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ዓሣውንም ከልክ በላይ አታጭቁት። የጉንጩ ክዳን ቶሎ ቶሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ አፉን ወደ ውሃው ፊት ካሾለ፣ ዓይን አፋርነት አይደለም። አየር አጥሮታል።

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። ብርዱ በኋላ ነው የሚመጣው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የኛ አካባቢ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ያም ቢሆን 300 ሊትር ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ብርድ ልብስ ብትጠቀልሉበት ብዙ ሰዓት ይቆያል። አየሩን ግን በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ብቻ ነው የሚያድነው። ዋጋው ከዓሣው ያንሳል። ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግዙ።

ቀጥሎ ስለ ጩኸት። ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር አራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ዓሣ ጆሮ የለውም የሚል ሰው አለ፤ አለው፣ ውስጥ ነው ያለው። በዚያ ላይ በጎኑ በተዘረጋ መስመር አጠገቡ ያለውን የውሃ እንቅስቃሴ ይሰማል። እዚህ ግቢ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ጩኸት ቴሌቪዥን እንዳይመስላችሁ። ሙቀጫ ነው። አንድ ቀን ከላይ ፎቅ ቡና ሲወቀጥ የአኳሪየሙን ውሃ አጎንብሳችሁ ተመልከቱ። በእያንዳንዱ ምት ላዩ ላይ ትናንሽ ቀለበት ይሠራል። እናንተ ለዘነዘናው ድምፅ ለምዳችኋል። ዓሣው ግን በየምቱ ወደ ውስጥ አንዴ ሸርተት ይላል። ወቀጣው ካቆመ በኋላም ቶሎ አይወጣም።

ጎረቤትን «ቡና አትውቀጪ» ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሰፈር ይለቃል። ግን ሙቀጫው ሥር የታጠፈ ጆንያ ወይም ስፖንጅ ቢደረግ ትልቅ ልዩነት አለው። እትዬ ከላይ ያሉት፣ ሳይጠየቁ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ከአኳሪየሙ ሥርም ወፍራም ላስቲክ ወይም ፎም አንጥፉ። የቤቱን በር የሚያላትም ሰው ካለ በሩ ላይ ስፖንጅ ለጥፉ። ከአኳሪየሙ አጠገብ ስፒከር አይኑር።

ስለ ቡና ካነሳን፣ የአየር ፓምፑ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ዕጣኑም፣ የሚቆላው ቡና ጭስም፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ውሃው ውስጥ ይገባል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የውሃው ፒኤች ይወርዳል፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ለሰውም ደግ አይደለም። መስኮት ክፈቱ፣ ወይም የአየር ፓምፑን ቱቦ ወደ ሌላ ክፍል አስወጡት። ፍሊት ግን በጭራሽ አኳሪየም ባለበት ክፍል አይነፋ። የአብዛኞቹ የበረሮና የትንኝ መርጫ መርዝ ለዓሣ እጅግ አደገኛ ነው፤ በጣም ትንሹ እንኳ ይገድላል።

አሁን ዓሣው መጣ እንበል። ጨለማ ፌስታል ውስጥ ነው። ረጅም መንገድ ከመጣ፣ ለምሳሌ ከኬንያ ዳርቻ በአውሮፕላን፣ ፌስታሉ ውስጥ ብዙ ነገር ተጠራቅሟል። ዓሣው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ይሄ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። ከሽንቱና ከጉንጩ የወጣው አሞኒያ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አብዛኛው ጉዳቱ ቀለል ወዳለ መልክ ይለወጣል። ፌስታሉ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ አሞኒያውም ወደ መርዝነቱ ይመለሳል። ለዚህ ነው ሩቅ የመጣን ዓሣ ፌስታሉን ከፍቶ ለሁለት ሰዓት ውሃ እያንጠባጠቡ ማለማመድ ትክክል የማይሆነው። ከመሃል ከተማ ሱቅ በታክሲ ላመጣችሁት ማንጠባጠቡ ችግር የለውም።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሻጩን የጨውነቱን መጠን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የኳራንቲኑን፣ ማለትም አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበትን ገንዳ፣ ውሃ በዚያው ልክ አዘጋጃለሁ። ፌስታሉ ሳይከፈት 20 ደቂቃ ያህል ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል። ከዚያ ይከፈታል፣ በሪፍራክቶሜትር (የጨውነት መለኪያ) እለካለሁ፣ ዓሣው ወዲያው ይሻገራል። መረብ አልጠቀምም፤ እነዚያ ክንፎች ይቀደዳሉ። ትንሽ ፕላስቲክ ሳህን ይበቃል። የፌስታሉ ውሃ ይደፋል። የጨውነቱን ልክ በመለኪያው ወደ 1.025፣ ማለትም ወደ ባሕር ውሃ ልክ፣ ማሳደግ ካስፈለገ በቀናት ውስጥ ቀስ እያልኩ ነው።

ኳራንቲኑ አራት ሳምንት ገደማ ነው። ስፖንጅ ፊልተር፣ ሂተር፣ ሁለት ሦስት ቱቦ፣ በቃ። ሦስቱን ጎን በጥቁር ወረቀት ሸፍኑት። ኮሜት በሽታ የሚችል ዓሣ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ግን ራሱ ሳይታመም ለሌሎቹ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ ቀን መብራት አይበራም። ለፌስቡክ ፎቶ ማንሳት የለም፣ ፍላሽ ደግሞ ፈጽሞ። ማየት ካማራችሁ ደብዛዛ ቀይ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ። ቀይ ብርሃን ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይዘልቅ ስለሚጠፋ ብዙ የሪፍ ዓሦች እሱን በደንብ አያዩትም።

ምግቡ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ኮሜት አዳኝ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል። ፍሌክ (ደረቅ የዓሣ ምግብ) ብትበትኑለት ዞር ብሎም አያይም። እዚህ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ መፍትሔ ሞሊ ዓሣ ነው። ሞሊ የጨዋማ ውሃ ሰው ናት፤ ቀስ በቀስ ከተለማመደች ሙሉ የባሕር ውሃ ውስጥ ትኖራለች፣ እዚያው ትወልዳለች። ግልገሎቿ ለኮሜት ቀለብ ናቸው። የምታዝኑላቸው ካላችሁ ይቅርታ፤ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) አስፈልፍላችሁም መጀመር ትችላላችሁ፣ በተለይ ለትንሽ ኮሜት።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ከምናምን ላይ ትጠልቃለች። የአኳሪየሙን መብራት ያን ጊዜ ቀንሱና ወደ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ደብዘዝ ሲል፣ መግቡት። አንድ ጊዜ ሲያድን ብታዩት አትረሱትም። አይሮጥም። ክንፎቹን ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ጎኑን ሰጥቶ እየተንሳፈፈ ይጠጋል። ግልገሏ ግድግዳ የተጠጋት ይመስላታል። ከዚያ አፉ ይከፈታል፣ እሷም የለችም። ይሄ ሁሉ እስኪሆን ግን ጊዜ ይወስዳል። እኔ ኮሜትን ከፈጣን ዓሣ ጋር አላኖርም የምለው ለዚህ ነው። እሱ ሲያነጣጥር ዳምሰል የሚባለው ትንሽ ፈጣን ዓሣ በልቶ ጨርሶ ይሄዳል።

ሕይወት ያለው ምግብ ከለመደ በኋላ በበረዶ የደረቀ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል ደቃቅ እንስሳ) ወይም ያልተቀቀለና ጨው ያልነካው ሽሪምፕ ቆራርጣችሁ በረጅም ወረንጦ ከዋሻው በር ላይ አንቀጥቅጡለት። እንቢ ካለ ቁራጩን አውጡት፤ እዚያው ከበሰበሰ አሞኒያ ነው። ነገ ድገሙት። ጤነኛ ዓሣ ለጥቂት ቀን ባይበላ አይሞትም። ድንጋይ እያነሱ መፈለግ ነው የሚያመነምነው።

ዋናው አኳሪየም ውስጥ ኮሜት ይቅደም። ዳምሰል ቀድሞ ከገባ ድንጋዩ ሁሉ የአባቱ ርስት ነው፤ በኋላ የመጣውን ያሳድዳል። ትንንሽ ሽሪምፕ ለጌጥ የምታኖሩም አስቡበት፤ ኮሜት ቤት እንግዳ ሆነው አይሰነብቱም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄና መልስ ነበር። ሦስቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ወጣት የአፍዴራን ጨው አነሳ። ከውጭ የሚመጣው የአኳሪየም ጨው ውድ ነው፣ ለ300 ሊትር ከ10 ኪሎ በላይ ይፈጃል፣ የራሳችን ጨው እያለ ለምን? አይሆንም አልኩት። የባሕር ውሃ ከሚይዘው ጨው ሶዲየም ክሎራይዱ ከአራት ሦስት እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የቀረው ማግኒዝየም፣ ካልሲየም፣ ፖታስየም፣ ሰልፌትና ሌላም ነው። የወጥ ጨው ሲጣራ እነሱ ይቀነሳሉ፣ አዮዲን ይጨመርበታል። ወጡን ያጣፍጣል፣ ባሕር ግን አይሆንም። ውሃውም ቢሆን ከሮቶ በቀጥታ አይቀዳም፤ ክሎሪንም ማዕድንም አለበት። በአርኦ ማጣሪያ (ማዕድኑን ጭምር በሚያስቀር) ካለፈ በኋላ ነው ጨው የሚገባበት።

አንዲት እናት ደግሞ ልጆቹ መስታወቱን እየመቱ ስላስቸገሯት ጠየቀች። መከልከል አልሠራላትም። እኔም አልከለከልም። ዓሣውን የሚያበሉት ልጆቹ ይሁኑ አልኳት። አንድ ልጅ ወረንጦውን ይያዝ፣ ሌላው ሰዓቱን ይጠብቅ። የሚያበላ ልጅ ዓሣውን ማስደንገጥ ሥራውን እንደሚያበላሽበት ራሱ ያየዋል።

መጨረሻ ላይ ከፊት የተቀመጡ ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ለገና አገር ቤት ሊሄዱ ነው፣ ዓሣው አብሯቸው አይሄድ። ማን ይጠብቀው? ጋሼ፣ አይጨነቁ አልኳቸው። ከመሄድዎ በፊት ባለው ቀን ያብሉት፣ ከዚያ ለአራት አምስት ቀን ምንም አይፈልግም። ለዘበኛው ምግብ ሰጥተው እንዳይሄዱ፤ በደግነት ብዛት ጣሳውን ሙሉ ይደፋበታል። ከመውጣትዎ በፊት ውሃው በትነት የቀነሰ እንደሆነ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ይሙሉት። የበሩን ቁልፍና የባትሪ ፓምፑን ግን ለዘበኛው ይስጡት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑን እንዲያበራ፣ ሲመጣ እንዲያጠፋ። የፓምፑ ማብሪያ የቱ እንደሆነ በቀይ ቀለም ምልክት ያድርጉለት፣ አንዴም እፊትዎ ያስሞክሩት።